ስም ያልወጣለት ገንዘብ

የካቲት እኛ ጋ የጭቃ ወር ነው። ከጥጡ እርሻ የተሰባበረ አገዳ ብቻ ይቀራል፤ ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ለብሰው የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም፤ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። የገና በዓል ያራገፈው ኪስ እንደተራገፈ ነው። የአምባዛ ፋብሪካው የሥራ ሰዓት ይቀንሳል፤ የጋዙ ታንክ ሲያንኳኩት ባዶነቱን ይናገራል። እንዲያም ሆኖ ከዓመቱ ወሮች ሁሉ የምወደው የካቲትን ነበር። የግብር ተመላሽ የሚመጣው ያን ጊዜ ነዋ።

ዓመቱን ሙሉ ከደመወዛችን ሲቆረጥ የከረመው፣ ልጅ ለሚያሳድግ ደግሞ መንግሥት የሚጨምረው ታክሎበት፣ ባንድ ቀን ይመጣል። ይህን ያልኖረበት ሰው አይገባውም። እኛ ገንዘብ እጃችን ሳይገባ የሚወሰንበት ሰዎች ነበርን፤ ኪራዩ ይወስናል፣ መብራቱ ይወስናል፣ የታመመው ልጅ ይወስናል። በዚያች ሦስት ሳምንት ብቻ እኛ እንወስናለን። የሰዉ አረማመድ ሳይቀር ይለወጥ ነበር። ያገለገለ መኪና የሚሸጡት ባለቀለም ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ የቤት ዕቃ ነጋዴው ሶፋውን አውጥቶ ካፊያ ላይ ይደረድራል፤ ድሮ የቪዲዮ ካሴት ይከራይበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰና የወረቀት ዘውድ የደፋ ሰው «ግብርዎን እዚህ ያሠሩ» የሚል ሰሌዳ ይዞ ሲውረገረግ ይውላል።

በዓለም ላይ፣ ገንዘብ በሚገባበት መንደር ሁሉ፣ የሰውን ገንዘብ ከባለቤቱ አሻሽላ ማውጣት የምትችል አንዲት ሴት አትጠፋም። ይህን የምለው ዓለምን ዞሬ አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከተማ ከግሪንቪል ወዲያ የሄድሁት ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ግን እናንተም መንደር እንዳለች አውቃለሁ። ስሟ ሌላ ይሆናል እንጂ አለች። የእኛዋ ክብርት ሚስ ቨርሊን ነበረች፦ የሰፈራችን የጥጥ መዳመጫ መንገድ የገንዘብ ሚኒስትር፣ የአሥራ አንድ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ። ማንም አልሾማትም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራት አልቻለም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትዞር ሴት ነበረች። ፋብሪካው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል፤ እኔ የአምባዛውን ራስ እቆርጣለሁ፣ እሷ ሆዱን ታጸዳለች። በረዶ ውሃ ውስጥ የዋለ እጅ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ትምህርቷ ከእኔ እምብዛም አይሻልም፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውሁት፣ እሷ ዘጠነኛን ጀምራለች። ያቺን የጀመረቻትን ዘጠነኛ ክፍል ግን እንደ ዩኒቨርሲቲ ነበር የምትቆጥራት።

ሕጓ አንድ ነው። «ገንዘብ ሳይመጣ ስም ይውጣለት» ትላለች። «ስም ያልወጣለት ገንዘብ የጠራው ሁሉ ይወስደዋል።» በጥር መጨረሻ ፋብሪካው የዓመቱን ደመወዝ የሚገልጸውን ወረቀት በፖስታ ሲልክልሽ፣ ያንን ይዘሽ ወጥ ቤቷ ትገቢያለሽ። ወረቀቱ ለግብር ሠሪው ነው፤ ባዶው ፖስታ የእሷ ነው። ትጠይቅሻለች፣ ትከራከርሻለች፣ ትረታሻለች፤ ከዚያ እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ የገንዘብሽን ስም ፖስታው ጀርባ ላይ በገዛ እጅሽ ታስጽፍሻለች። «ጎማ»። «ጥርስ»። «ጣራ»። ፖስታው ከምድጃው በላይ በተዘረጋ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል። ተመላሹ ሲመጣ አውርደሽ ገንዘቡን ትከቺበታለሽ። የካቲት አጋማሽ ላይ ያ ወጥ ቤት የአራስ ልጅ ጨርቅ የተሰጣበት ይመስል ነበር።

ሎንዞ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ የመኪናው ሞተር ከተኛ ስምንት ወሩ። እሱ ግን የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ሊገዛ ልቡ ተሰቅሏል።

«መኪናህ ይሄዳል?» አለችው።

«ለጊዜው አይሄድም፣ ሚስ ቨርሊን።»

«ታዲያ ቸርኬው ለምንህ ነው?»

«ቆሞም ቢሆን ሰው ያየዋል።»

«ሰውማ ያየዋል። አንተ በእግርህ አጠገቡ ስታልፍ ነው የሚያየው።»

ሎንዞ ፊቱን አጥቁሮ «ሞተር» ብሎ ጻፈ። አንድ ወር አላነጋገራትም። ከወር በኋላ በዚያው መኪና እየመጣ በየቅዳሜው ገበያ ያደርሳት ጀመር፤ እሷም ከኋላ ተቀምጣ አነዳዱን ታርምለት ነበር።

እህት ማዚ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ ሰው የምታስገባ ሴት ናት። የፊት ጥርሶቿ አራቱ የሉም፤ የተመኘችው ግን ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ነው። «ቴሌቪዥኑ ሲያስቅሽ በየትኛው ጥርስሽ ልትስቂ ነው?» አለቻት ሚስ ቨርሊን። ጥርሱ ተተከለ። ከዚያ በኋላ እህት ማዚ ለሚገባው ሁሉ ፈገግ ትል ጀመር፤ ለሰርግም ለቀብርም። ሬሳ ተከትሎ ገብቶ በዚያ ፈገግታ የተደናገረ ሰው ብዙ ነው። ሚስ ቨርሊን ግን፣ የገዛ ሥራውን እንደሚያይ አናጢ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያታለች።

የእኔ ኮት ነበር። ሐምራዊ፣ አንገቱ ላይ ጠጉር ያለው፣ ዋናው መንገድ ላይ በአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ ኮት። እያለፍሁ አየዋለሁ፤ እሱም የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። እርሳሱን ይዤ «ኮ» ብዬ ጀምሬያለሁ።

«ኦሊ ሜ፣ ቤትሽ ሙቅ ውሃ አለ?» አለችኝ።

«በድስት አሞቃለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ በረዶ ውስጥ ውለሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ ድስት ትጠብቂያለሽ። በኮት ልትታጠቢ ነው?»

«ቨርሊን፣ አንድ ጊዜ እንኳ የሚያምር ነገር ልልበስ።»

የጀመርኋትን «ኮ» አየቻት። «ያምርብሽ ነበር» አለች። «እውነቴን ነው። ጻፊ፦ የውሃ ማሞቂያ።»

ጻፍሁ። ማሞቂያው የገባ ዕለት ከሥራ መጥቼ እጆቼን ከቧንቧው ሥር አድርጌ ቆምሁ። ጣቶቼ አንድ በአንድ ተመለሱልኝ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም፤ መስተዋቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ፊቴን ከለከለኝ። ስለ ኮቱ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም።

የራሷ ፖስታ ከሲባጎው ጫፍ፣ በግድግዳው በኩል ይሰቀላል። ስሙ በየዓመቱ አንድ ነው፦ «ክፍል»።

ክፍሉ የኦክታቪያ ነው። ኦክታቪያ የቨርሊን ሟች እህት የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ዶኔታ ሜምፊስ ሄዳ ሥራ ልትፈልግ፣ «ሁለት ሳምንት ብቻ፣ አክስቴ» ብላ ስትተዋት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትኩሳት ይዟታል፣ ልብሷ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ታስሯል። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ዓመት ሆነ። ቨርሊን የራሷ ልጅ አልወለደችም። ቤቷ አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ ልጅቷ መጀመሪያ ከአክስቷ ጋር ትተኛ ነበር፣ እግሯ ረዝሞ መራገጥ ስትጀምር ሳሎን ሶፋ ላይ ወጣች። በየካቲት ደግሞ በዚያ ሶፋ ላይ ለገንዘባቸው ስም ሊያወጡ የመጡ ሰዎች ይደረደራሉ፤ እሷ በእንግዳ ጭን መካከል ተጣጥፋ ታንቀላፋለች።

አንድ ቀን ምን እንደምትመኝ ጠየቅኋት። አሻንጉሊት ትለኛለች ብዬ ነበር።

«በር» አለችኝ።

«ምን ዓይነት በር?»

«የሚዘጋ።»

ቨርሊን የኋላ በረንዳዋን ግድግዳ አበጅታለት ክፍል ልታደርገው ቆረጠች። በመጀመሪያው ዓመት ተመላሽ መስኮቱን ገዛች፤ ነጭ፣ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት። በረንዳው ላይ ከምሰሶ ጋር አስደግፋ አቆመችው። ግድግዳ የሌለው መስኮት። ልጅቷ ከኋላው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች፤ እኔ በዚያ ሳልፍ «ሚስ ኦሊ ሜ፣ አንኳኪ እንጂ» ትለኛለች። አንኳኳለሁ። መስኮቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አንገቷን ታወጣና «አክስቴ የለችም፣ መልእክት ካለሽ ልቀበል» ትለኛለች። አክስቷ ከጎኗ ቆማ ልብስ እያሰጣች ነው።

በሁለተኛው ዓመት እኔ መጣሁባት። ቢላዋ መዳፌን ከፍቶት ስድስት ወር ከሥራ ቀርቼ ነበር፤ የሚመለስልኝ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ የቤቱ ባለቤት ልቀቂ ብሎኛል። አልለመንኋትም። ቨርሊን ፖስታዋን ከሲባጎው አወረደች፣ «ክፍል» የሚለውን ሰረዘችና ሌላ ጻፈችበት።

«ዘንድሮ ስሙን ለወጥሁት» አለችኝ። «ስሙ ኦሊ ሜ ነው።»

«ክፍሉስ?»

«ክፍል የትም አይሸሽም።»

በሦስተኛው ዓመት በሩን ገዛች፤ የነሐስ እጀታ ያለው ደህና በር። ጣውላውንም ገዝታ በረንዳው ላይ ላስቲክ አለበሰችው። ለአራተኛው ዓመት የቀረው የአናጢውና የመብራት ሠራተኛው ብቻ ነበር። አናጢው ለሚያዝያ ተቀጥሯል። ልጅቷ የቀለሙን ናሙና ከሱቅ አምጥታ ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ የዕንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ።

በየዓመቱ፣ የካቲት ሲያልቅ፣ ቨርሊን ሜምፊስ ትደውላለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቼአለሁ።

«ዶኔታ፣ ተመላሽሽ መጣልሽ?»

«መጣ፣ አክስቴ። ሄደ።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። ሲመጣ አይቼዋለሁ፣ ሲወጣ ግን አላየሁትም።»

«ስም አላወጣሽለትማ። ስንቴ ልንገርሽ?»

«አንቺ ሰው አትለቂም።»

«ሰው አልለቅም። ልጅሽን ላቅርብልሽ፣ ስልኩን ያዢ።»

ዶኔታ ክፉ አልነበረችም። በሆቴል አንሶላ ታጥባለች፤ ከአንዷ ጓደኛ ቤት ወደ ሌላዋ ጓደኛ ቤት ትዞራለች። ልጄን እወስዳለሁ ትላለች፣ በየገናው። እኛም እሺ እንላታለን።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስሁ።

እኛ ጋ በጥር ወር የሚነሳው ትልቁ የቤተ ዘመድ ክርክር «ልጁን ማን ይጻፈው?» የሚል ነው። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ልጁን በግብር ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ በእሱ ምክንያት ተመላሹ እጥፍ ድርብ ይሆናል። አያትና እናት፣ አክስትና አጎት ይደራደራሉ፤ ዘንድሮ አንቺ ጻፊው፣ ለከርሞ እኔ። አንድ ልጅ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው ከጻፈው የቀደመው ያልፋል፣ የዘገየው ይመለስበታል። ቨርሊን ተደራድራ አታውቅም፤ የምታበላት እሷ፣ የምትጽፋትም እሷ። ሰባት ዓመት እንዲያ ሄደ።

ጥፋቷ አንድ ነው፦ የሰውን ፖስታ ሁሉ ሰቅላ ሳትጨርስ የራሷን ግብር አታሠራም። ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሷ ናት።

በአራተኛው ዓመት፣ ግብሯን ባሠራች በማግሥቱ፣ ግብራችንን የሚሠሩልን ሚስተር ፐርቪስ አስጠሯት። አብሬያት ሄድሁ። ከውጭ ባለ ዘውዱ ሰው ይውረገረጋል፤ እኛ የፊልም ካሴት ይደረደርበት ከነበረው መደርደሪያ ሥር ተቀምጠናል። ሚስተር ፐርቪስ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ልጅቷ ተጽፋለች።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኳት።»

«ከእርስዎ በፊት ነው። ባለፈው ዐርብ። ሌላ ሰው ጽፏታል።»

ማን ብላ አልጠየቀችም። እጇን ወደ ፀጉሯ ሰዳ እርሳሱን ፈለገች፤ እርሳሱ እዚያው ነበር፣ ግን አላወጣችውም።

ሚስተር ፐርቪስ ደህና አድርገው አስረዷት። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ እሷ ዘንድ እንደኖረች የሚያሳይ ወረቀት ታቅርብ፤ ከትምህርት ቤት፣ ከክሊኒክ። መንግሥት ለሁለቱም ይጽፋል። ያለ አግባብ የጻፈችው ገንዘቡን ከነቅጣቱ ትመልሳለች፣ ለብዙ ዓመትም ልትከለከል ትችላለች። «መብቱ የእርስዎ ነው» አሏት።

«ልጅቷን ለማሳደግስ ወረቀት ይጠይቁኛል? የፍርድ ቤት?» አለች።

«አለዎት?»

«ሁለት ሳምንት ነበር እኮ» አለች።

ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ወጥ ቤቷ ገባ። ዓመት በዓመት ስትወስንለት የኖረች ሴት ላይ ሰፈሩ ሊወስንላት ተሰበሰበ። ሎንዞ «ሌብነት ነው፣ ሚስ ቨርሊን፣ ይላኩት» ይላል። እህት ማዚ ፈገግታዋን አጥፍታ፣ «ልጅ የሚያሳድግና ልጅ የሚጽፍ አንድ ካልሆነ ሕግ የት አለ?» ትላለች። እኔም አልቀረሁም፤ ተከራከሪ አልኋት። እሷ ሁላችንንም የበቆሎ ዳቦና ጎመን አበላችን። ከሲባጎው ጫፍ የራሷ ፖስታ ተሰቅሏል። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ስም የሌለው ፖስታ በዚያ ቤት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ሁሉ ግን አሰባሰበች። ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ከክሊኒኩ የክትባት ካርድ፣ ከፓስተሩ ምስክርነት። አንድ ሐሙስ ፖስታ ቤት አብረን ሄድን። የምትከትበት ሣጥን ፊት ቆመች። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል።

«ኦሊ ሜ፣ ይህ ዶኔታ ጋ ሲደርስ ምን ትሆናለች?»

«ትደነግጣለች። ትደንግጥ።»

«የደነገጠች እናት ምን ታደርጋለች?»

ከኋላችን የተሰለፉትን ዞሬ አየሁ።

«መጥታ ልጇን ትወስዳለች» አለች ቨርሊን። ፖስታውን ከጃኬቷ ሥር አስገብታ፣ ለተሰለፉት ሰዎች «ይለፉ» ብላ፣ ቀድማኝ ወጣች። ክፍሉን እንደ ዋጋ ከፍላ ልጅቷን ማስቀረቷ ነበር። አስባ የወሰነችው ነው፤ እኔም በልቤ አበጀሽ ብያታለሁ።

ለአናጢው እንዳይመጣ ነገረችው። የካቲት ሲያልቅ እንደ ልማዷ ሜምፊስ ደወለች። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አላነሳችም።

«ዶኔታ፣ ተመላሽሽ መጣልሽ?»

«መጣ፣ አክስቴ።»

«ሄደ?»

«አልሄደም። አለ።»

ቨርሊን ቀና አለች። «ስም አወጣሽለት?»

«አወጣሁለት።»

«ምን አልሽው?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ» አለች ዶኔታ።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ ሰኔ ላይ፣ አንዲት ግራጫ አሮጌ መኪና መዳመጫ መንገድ ገብታ በሯ ላይ ቆመች። ዶኔታ ወረደች። ከስታለች፣ ፀጉሯን በደንብ ተሠርታለች፣ የምትለብሰውን መርጣ እንደመጣች ያስታውቃል። የፊተኛው በረንዳ ላይ ቆማ፣ እንደ ተማሪ ሁለት እጇን አጣምራ ተናገረች። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታለች። የሁለት ወር ከፍላለች። አልጋ ገዝታለች፣ ለልጅቷ ለብቻዋ። ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው።

«አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ፣ አክስቴ» አለች። «ሳይመጣ ስም አወጣሁለት። ኦክታቪያ አልኩት። ማንም ቢጠራው አልሄደም።»

እኔ ቨርሊንን ማየት ፈራሁ። ለእያንዳንዱ ሰው መልስ ያላት ሴት ናት፤ ያን ቀን የምትናገረውን ሰምቼ የምሞት ነበር የመሰለኝ። በረንዳውን ወረደች። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። ጎንበስ ብላ ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫነችው።

«የኋላው ግራ አልቋል» አለች። «በዚህ ጎማ ልጅ ይዘሽ ሜምፊስ አትደርሺም። ሎንዞን ጥሩልኝ።»

ሎንዞ ከገዛ መኪናው ፈትቶ ገጠመላት። ያ ሁሉ ሲሆን ቨርሊን ቤት ውስጥ ልብስ ታጥፋለች። በቆሻሻ ከረጢት አላደረገችውም፤ የራሷን ሻንጣ ሰጠቻት። ኦክታቪያ ደስ ብሏታል፣ አልቅሳለች፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ። የኋላው በረንዳ ላይ ወጥታ የተደገፈው መስኮት ፊት ቆመች።

«መስኮቴስ?» አለች።

«መኪና ላይ አይጫንም» አለቻት ቨርሊን። ከዚያ መፍቻ አምጥታ፣ ላስቲኩን ገለጠችና፣ ያልተተከለውን በር የነሐስ እጀታ ፈታችው። በቀሚሷ ጠርጋ ልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «በር ያለው ክፍል አለሽ አይደል? ይሄ ደግሞ መያዣሽ።» ልጅቷ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ በኋላው መስታወት እያየች፣ እጀታውን ከፍ አድርጋ ይዛው ሄደች።

ዶኔታን ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ከእኛ ሁሉ የቨርሊንን ምክር ያለ ክርክር የፈጸመች እሷ ብቻ ናት።

ለከርሞ በጥር ቨርሊን በሯን ትዘጋለች ብለን ነበር። አልዘጋችም። ሲባጎው ተዘረጋ፣ መቆንጠጫው ወጣ። እኔን ግን ቤቴ ድረስ መጣችብኝ። ወጥ ቤቴ መሐል ቆማ ግድግዳውን ታያለች።

«ይሄ ቤት ጨለማ ነው፣ ኦሊ ሜ።»

«ሃያ ዓመት ጨለማ ነበር።»

«ዘንድሮ ያንቺ ስም አናጢ ነው። መስኮት አለኝ፣ ሰው የማይቀመጥበት።»

ኮቱ ገና በሱቁ መስታወት ውስጥ ነበር፤ ዋጋውን ቀንሰውለታል፣ አንገቱ በፀሐይ ነጥቷል። «አናጢ» ብዬ ጻፍሁ። መስኮቱ ገባ። ይህን የምጽፈው ከሱ ሥር ተቀምጬ ነው፤ አንዳንዴ ከውጭ የሚያንኳኳ ይመስለኛል፣ ቀና ስል ቅርንጫፍ ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ በየእሑዱ ትደውል ነበር፣ ቀጥሎ በየበዓሉ። ቨርሊን እየጠበቀች ሦስት ዓመት ቆጠረች። አንድ የካቲት የራሷን ፖስታ አውርዳ አሳየችኝ፤ «ሜምፊስ» ይላል። ሎንዞ አውቶቡሱ ድረስ አደረሳት፤ ከኋላ ተቀምጣ አነዳዱን አረመችለት። ልጅቷ አጠገብ ልትኖር ነውና፣ ሲባጎውን ከነመቆንጠጫው ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ጠፋኝ፣ አንድ ጊዜ በተመላሼ ሄጄ አየኋት። ሱቁ ተዘግቶ ኮቱም የት እንደገባ አላወቅሁም፤ ፖስታዬ ላይ «ቨርሊን» ብዬ ጽፌ ነበር። የምትኖረው የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው። በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለአውቶቡስ አጠፋሽው?» አለችኝ። «ጫማሽን አይተሽዋል?»

ምድጃዋ ላይ ሲባጎ ተዘርግቷል፤ የማላውቃቸው የሦስት ባልቴቶች ፖስታ ተሰቅሎበታል። አንዱ «ጆሮ» ይላል። ኦክታቪያ ትመጣለች ወይ አልኋት። «ስትችል» አለች። «ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሥራ ይዛለች። ዐርብ ደመወዟ ነው፣ ስም የምታወጣለት እኔ እየነገርኋት አይደለም።» ይህን ስትል ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ስሰናበት መሸኛ ብላ ፓውንድ የሚሉትን የቅቤ ኬክ ቆርጣ ጠቀለለችልኝ፣ እስከ አሳንሰሩም ሸኘችኝ፤ አሳንሰሩ እስኪመጣ እጄን ይዛ የጠባሳውን መስመር በአውራ ጣቷ ተከተለችው።

ከዚያ ወዲህ በየካቲት በየካቲት ካርድ እልክላት ነበር። ያለፈው ዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ ላዩ ላይ ማኅተም አለ እንጂ ምክንያት አልተጻፈበትም። ዶኔታ የምትደውልበትን ቁጥር ሞከርሁ፣ ሌላ ሰው አነሳው።

ለመጨረሻ ጊዜ የማውቀው አድራሻዋ ሜምፊስ፣ ከልጅቷ የድሮ ትምህርት ቤት ሁለት መንገድ ወዲህ ያለው የአረጋውያን ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው።